ብሎክ ላይ ሉፕ አይገባም፤ ታዲያ እንዴት እናድርግ?

12 አገልግሎቶች አሉን እንበል። ለእያንዳንዳቸው 4 ሥራ አለ። ፎልደር መፍጠር፣ የኮንፊግ ፋይል መጻፍ፣ አገልግሎቱን ዘግቶ ማስነሳት፣ በመጨረሻም በትክክል መነሳቱን ማረጋገጥ። አንሲብል (ሰርቨሮችን በፋይል በተጻፈ ትእዛዝ የሚያስተዳድር መሣሪያ) ላይ 4ቱን ታስኮች፣ ማለትም የሥራ ትእዛዞች፣ በአንድ ብሎክ፣ ማለትም በአንድ ቡድን፣ አሰራችኋቸው። ለ12ቱም እንዲደጋግመው ከብሎኩ ሥር ሉፕ ጻፋችሁ። ስታስኬዱት ገና ሥራው ሳይጀመር ስህተት መጣ። መልእክቱ ባጭሩ፦ ሉፕ ለብሎክ የሚሆን ቃል አይደለም።

እኔም መጀመሪያ የገጠመኝ ይኸው ነው። ያደረግሁትም ብዙ ሰው የሚያደርገውን ነው። ያንኑ ሉፕ 4ቱም ታስኮች ላይ ገልብጬ ለጠፍኩት። ስህተቱ ጠፋ፤ እኔም ተገላገልኩ ብዬ ወደሌላ ሥራ ዞርኩ። አንድ ቀን ግን የ1 አገልግሎት ኮንፊግ ተበላሸና 12ቱም ፎልደራቸው ተፈጥሮ፣ 11ዱ ኮንፊጋቸው ተቀይሮ፣ አንዳቸውም ሳይነሱ ሥራው ቆመ። ሁሉም በግማሽ ቀረ። ያን ጊዜ ነው ሁለቱ አንድ እንዳልሆኑ የገባኝ። ሉፑ በየታስኩ ሲሆን ሥራው በእርምጃ ይሄዳል፤ 12ቱም አንደኛውን እርምጃ ሳይጨርሱ ሁለተኛው አይጀመርም። እኔ የፈለግሁት ግን በአገልግሎት እንዲሄድ ነበር። አንዱ 4ቱንም ጨርሶ ወደ ቀጣዩ።

ከዚህ በታች ያለው መንገድ ለዚህ ነው። አንድ ማሳሰቢያ ብቻ። ቁልፍ ቃላቱን በእኛው ፊደል ነው የምጽፋቸው። ፋይላችሁ ላይ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ይጻፋሉ። እንደ ኢንክሉድ ታስክስ ያሉ ሁለት ቃላት ከሆኑ ደግሞ በመሃላቸው ክፍት ቦታ ሳይሆን የታች ሰረዝ ይገባል።

እርምጃ 1፦ ሉፑ ያስፈልጋል ወይ?

ከሁሉ በፊት ይሄን ጠይቁ። ሉፕ ከተጻፈባቸው ታስኮች ብዙዎቹ ሉፕ አያስፈልጋቸውም።

ፓኬጅ የሚጭኑትን ሞጁሎች (ታስኩ የሚጠራቸውን ዝግጁ መሣሪያዎች) ውሰዱ፤ አፕት እና ዲኤንኤፍ። ሁለቱም የፓኬጆቹን ሙሉ ዝርዝር በአንድ ጊዜ ይቀበላሉ። 20 ፓኬጅ በሉፕ ስትሰጧቸው ሞጁሉ 20 ጊዜ ይጠራል፤ 20 ጊዜ የጥገኝነት ስሌት ይሠራል። ዝርዝሩን እንዳለ ኔም በሚለው ቦታ ብትሰጡት ግን አንድ ጊዜ ነው የሚሠራው። ፍጥነቱ ብቻ አይደለም። እርስ በርስ የሚፈላለጉ ፓኬጆች አብረው ሲሰጡ ችግር አይፈጥሩም፤ አንድ በአንድ ሲሰጡ ግን ቅደም ተከተሉ ሊያጣላቸው ይችላል።

ፋይሎችም እንዲሁ። 30 ፋይል በሉፕ አንድ በአንድ ከመላክ ፎልደሩን በኮፒ ሞጁል እንዳለ መላክ ይሻላል። ፋይሎቹ በጣም ከበዙ ደግሞ አርካይቭ አድርጎ ልኮ እዚያው መፍታት።

ሉፑን ካስወገዳችሁት ገደቡም አብሮ ሄደ። የማይቀር ከሆነ ወደሚቀጥለው።

እርምጃ 2፦ ሥራውን ወደ ራሱ ፋይል አውጡት

ብሎክ ሉፕ የማይቀበለው በክፋት አይደለም። አንሲብል ፕሌይቡኩን (ታስኮቹ የተጻፉበትን ዋና ፋይል) ሲያነብ ብሎኩ ውስጥ ያሉትን ታስኮች ከሥራው በፊት ቆጥሮ በሰልፍ ያስቀምጣቸዋል። ብሎክ ላይ የምንጽፋቸው እንደ ዌን (ሁኔታ መጻፊያ) እና ቢካም (በሌላ ተጠቃሚ ስም መሥሪያ) ያሉ ቃላት ውስጡ ላሉት ታስኮች በውርስ የሚተላለፉ ናቸው። ሉፕ ግን የሚፈታው ሥራው በሚካሄድበት ሰዓት ነው። ዝርዝሩ 3 ይሁን 300 ቀድሞ አይታወቅም።

ስለዚህ የሚያስፈልገን በሥራ ሰዓት የሚጫን ነገር ነው። እሱም ኢንክሉድ ታስክስ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው።

4ቱን ታስኮች ከፕሌይቡኩ ቆርጣችሁ አዲስ ፋይል ውስጥ ለጥፏቸው። አዲሱ ፋይል ውስጥ ሆስትስ የሚል፣ የትኞቹ ሰርቨሮች ላይ እንደሚሠራ የሚናገር መስመር አይኖርም፤ የታስኮች ዝርዝር ብቻ ነው። በቆረጣችሁበት ቦታ አንድ ታስክ ጻፉ፤ ኢንክሉድ ታስክስ ብላችሁ የፋይሉን ስም ስጡ። ሉፑን እዚህ ታስክ ላይ አድርጉት። በቃ፣ ብሎካችሁ በሉፕ ይሄዳል።

ኢምፖርት ታስክስ የሚባል መንታ ወንድም አለው። አትሳሳቱ፤ እሱ ልክ እንደ ብሎክ ቀድሞ የሚነበብ ስለሆነ ሉፕ አይቀበልም። ሮል (ታስኮችና ፋይሎች አብረው የታሰሩበት ጥቅል) ለመደጋገም ከፈለጋችሁም ያው ነው፤ ኢንክሉድ ሮል ሉፕ ይቀበላል፣ ኢምፖርት ሮል አይቀበልም።

ለዚህ ምቾት የምትከፍሉት ዋጋ አለ። አንደኛ፣ የታስኮችን ዝርዝር ብቻ አሳየኝ ስትሉት ፋይሉ ውስጥ ያሉት አይታዩም፤ ገና አልተጫኑማ። ከዚህ ታስክ ጀምር የሚለው ትእዛዝም ወደ ውስጥ አይዘልቅም። ሁለተኛው ብዙ ሰው ያስለቅሳል። ኢንክሉዱ ላይ ታግ (ታስኮችን መርጦ ለማስኬድ የሚለጠፍ መለያ) ብትለጥፉ ታጉ የሚመለከተው ኢንክሉዱን ብቻ ነው። በዚያ ታግ ብታስኬዱት ፋይሉ ይጫናል፤ ውስጡ ያሉት ታስኮች ግን ታግ ስለሌላቸው ይዘለላሉ። አረንጓዴ ውጤት ታያላችሁ፣ ምንም አልተሠራም። መፍትሔው ኢንክሉዱ ሥር አፕላይ በሚለው ቃል ታጉን ወደ ውስጥ ማስተላለፍ ነው። ታጉን ኢንክሉዱም ላይ መተው እንዳትረሱ፤ ሁለቱም ቦታ ያስፈልጋል።

እርምጃ 3፦ ለሉፑ ቫሪያብል ስም ስጡት

አንሲብል የሉፑን ተራ የሚይዘው ቫሪያብል ሌላ ካላላችሁት አይተም ይባላል። አንድ ሉፕ ብቻ እስካለ ድረስ ችግር የለም። አሁን ግን ፋይሉ ራሱ በሉፕ እየተጠራ ነው። ውስጡ ደግሞ ሌላ ሉፕ ያለው ታስክ ካለ ሁለቱም አይተም የሚለውን ስም ይሻማሉ። አንሲብል ቫሪያብሉ ተይዟል ብሎ ያስጠነቅቃችኋል። ሥራውን ግን አያቆምም፤ ችግሩም እሱ ነው። ማስጠንቀቂያውን አይቶ ያለፈ ሰው በኋላ የአገልግሎቱ ስም መግባት ባለበት ቦታ ሌላ ነገር ገብቶ ያገኘዋል።

ኢንክሉዱ ላይ ሉፕ ኮንትሮል ብላችሁ ሥሩ ሉፕ ቫር በሚለው አዲስ ስም ስጡ። ሰርቪስ አይተም በሉት፣ ወይም የፈለጋችሁትን። ፋይሉ ውስጥም በዚሁ ስም ተጠቀሙ። እኔ ውስጡ ሌላ ሉፕ ባይኖርም ሁሌ ስም እሰጣለሁ። ነገ ማን ሉፕ እንደሚጨምርበት አይታወቅም።

እግረ መንገዳችሁን ሌብልንም ጨምሩ። እያንዳንዱ ተራ መዝገበ ቃላት የሚያህል ዳታ ከሆነ ስክሪኑን ይሞላዋል፤ ሌብል ስሙን ብቻ ያሳያል። ነገር ግን ሌብል የይለፍ ቃል መደበቂያ አይደለም። የሚያሳጥረው የሚታየውን መስመር ነው። ዝርዝር ውጤት አውጣ ብሎ የሚያስኬድ ሰው የይለፍ ቃሉን እንዳለ ያየዋል። ምስጢር ካለ ኖ ሎግ ተጠቀሙ።

እርምጃ 4፦ ዝርዝሩን ለሉፑ አመቻቹ

ሉፕ የሚለው ቃል በ2018 ከአንሲብል 2.5 ጋር ነው የመጣው። ከዚያ በፊት ዊዝ አይተምስ እና ዘመዶቹ ነበሩ። ድሮ የተጻፈ ፕሌይቡክ ስታድሱ ቃሉን ብቻ ብትለውጡ ሊበላሽ ይችላል። ዊዝ አይተምስ ዝርዝር ውስጥ ያለ ዝርዝርን አንድ ደረጃ ራሱ ይዘረጋው ነበር። ሉፕ አይዘረጋም። ፍላተን በሚለው ፊልተር (የዳታን ቅርጽ መቀየሪያ)፣ ሌቭልስ 1 ብላችሁ እናንተ ዘርጉት።

ሉፕ የሚቀበለው ዝርዝር ብቻ ነው። ቁልፍና ዋጋ ያለው ዲክሽነሪ ብትሰጡት ዝርዝር አምጡ ይላል። ዲክት ቱ አይተምስ በሚለው ፊልተር አሳልፉት፤ ይሄኛው በታች ሰረዝ ሳይሆን በ2 ቁጥር ነው የሚያያዘው። ከዚያ እያንዳንዱ ተራ ኪይ እና ቫልዩ ይኖረዋል።

ሉፕ ውስጥ ሉፕ የፈለጋችሁ ሲመስላችሁ ደግሞ ቆም በሉ። ብዙ ጊዜ የሚፈለገው አንድ የተስተካከለ ዝርዝር ነው። ሁሉንም ከሁሉም ማጣመር ከሆነ፣ ለምሳሌ 3 ተጠቃሚ በ4 ዳታቤዝ፣ ፕሮዳክት የሚለው ፊልተር 12 ጥንድ ያለው አንድ ዝርዝር ይሰጣችኋል። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የየራሱ ቁልፎች ካሉት ግን ሰብኤለመንትስ ነው የሚሆነው። እነዚህን ሁለቱን ያወቀ ሰው ሉፕ ውስጥ ሉፕ የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው።

እርምጃ 5፦ መሃል ላይ ማቆም

በፕሮግራም ቋንቋ ብሬክ ብሎ ከሉፕ መውጣት የተለመደ ነው። አንሲብል ይሄ ነገር ለብዙ ዓመት አልነበረውም። እንዲያውም ታስክ ላይ ያለ ሉፕ 3ኛው ላይ ቢወድቅ 4ኛውን፣ 5ኛውን እያለ እስከ መጨረሻው ይሄዳል። ወድቋል የሚባለው ሁሉንም ከሞከረ በኋላ ነው። የኔ 11 ኮንፊግ የተቀየረው ለዚህ ነበር።

አንሲብል ኮር 2.18 እና ከዚያ በላይ ካላችሁ ሉፕ ኮንትሮል ሥር ብሬክ ዌን የሚል ቃል አለ። ሁኔታውን ጻፉበት፤ ሁኔታው ሲሟላ ሉፑ ይቆማል።

ለቆየ ስሪት ወይም በኢንክሉድ ለሚሄድ ሉፕ ግን ሌላ ዘዴ ያስፈልጋል። እዚህ ላይ በደንብ ተከተሉኝ፤ ግማሽ ቀን የበላኝ ነገር ነው። ይቁም የሚል ቫሪያብል እንደ ባንዲራ አዘጋጀሁ። ፋይሉ ውስጥ ችግር ሲገኝ በሴት ፋክት (ለቫሪያብል ዋጋ በሚሰጠው ሞጁል) ባንዲራው ይነሳል። ኢንክሉዱ ላይ ደግሞ ባንዲራው ካልተነሳ ግባ የሚል ዌን ጻፍኩ። ባንዲራው በ2ኛው ላይ ተነሳ። 3ኛውም፣ 4ኛውም፣ 12ኛውም ምንም እንዳልተፈጠረ ገቡ።

ምክንያቱ ይሄ ነው። ኢንክሉድ በሉፕ ሲጠራ አንሲብል መጀመሪያ 12ቱንም ተራ ቆጥሮ የእያንዳንዱን ዌን ይመዝናል። ከዚያ በኋላ ነው የመጀመሪያው ፋይል ውስጥ ያለው ታስክ የሚሠራው። ዌኑ ሲመዘን ባንዲራው ገና አልተነሳም።

መፍትሔው ሁኔታውን ወደ ውስጥ ማስገባት ነው። ፋይሉ ውስጥ ያሉትን ታስኮች በሙሉ በአንድ ብሎክ እሰሩ። ዌኑን ብሎኩ ላይ ጻፉት። ብሎክ ዌን ይቀበላል፤ ዌኑም የሚመዘነው እያንዳንዱ ታስክ ተራው ሲደርስ ነው። ባንዲራው ከተነሳ በኋላ የሚመጡት ፋይሎች ይጫናሉ፣ ግን ሁሉም ታስክ ይዘለላል። ባንዲራውን ከሉፑ በፊት ዝቅ አድርጋችሁ መጀመርን አትርሱ፤ ያልተፈጠረ ቫሪያብል ስህተት ነው።

በነገራችን ላይ ፋይሉ ውስጥ ያለ ታስክ በእውነት ከወደቀ ባንዲራም አያስፈልግም። ያ ሰርቨር ከሥራው ይወጣል፤ ቀሪዎቹ አገልግሎቶች እዚያ ሰርቨር ላይ አይነኩም። ባንዲራ የሚፈለገው ሳይወድቅ ማቆም ሲያስፈልግ ነው።

እርምጃ 6፦ ብዙ ታስኮችን አንድ ላይ ደግሞ መሞከር

ለአንድ ታስክ ነገሩ ቀላል ነው። አንቲል ብላችሁ ሁኔታውን፣ ሪትራይስ ብላችሁ ስንት ጊዜ፣ ዲሌይ ብላችሁ በስንት ሰከንድ ልዩነት እንደሚሞከር ትጽፋላችሁ። ሁለቱን ካልጻፋችኋቸው 3 ጊዜ፣ በ5 ሰከንድ ልዩነት ነው። አንቲልን ግን ብሎክ አይቀበለውም። ማስነሳቱንና ማረጋገጡን አንድ ላይ እንደገና መሞከር ከፈለጋችሁ በሩ ዝግ ነው።

የሚሠራው ዘዴ ፋይሉ ራሱን እንዲጠራ ማድረግ ነው። ሁለት ፋይል ያስፈልጋል።

የመጀመሪያው አጭር ነው። በሴት ፋክት ቆጣሪውን 0 ያደርጋል፤ ከዚያ ሁለተኛውን ፋይል ይጠራል። ሉፑ የሚጠራው ይሄኛውን ነው። ቆጣሪው በየአገልግሎቱ 0 ካልተደረገ የመጀመሪያው አገልግሎት ሙከራውን ሲጨርስ ለሁለተኛው የሚተርፍ የለም።

ሁለተኛው ፋይል አንድ ብሎክ ነው። ብሎኩ ውስጥ መሞከር ያለባቸው ታስኮች ይገባሉ። ከብሎኩ ሥር ሬስኪው አለ፤ ከታስኮቹ አንዱ ሲወድቅ ሥራው ወደዚያ ይመጣል። ሬስኪው ውስጥ 4 ነገር በቅደም ተከተል ጻፉ። ቆጣሪው ላይ 1 ደምሩ። ቆጣሪው 3 ከደረሰ በፌይል ሞጁል አቁሙ። ካልደረሰ ጥቂት ጠብቁ። ከዚያ ይሄንኑ ፋይል በኢንክሉድ ታስክስ ጥሩ።

ስትደምሩ ኢንት የሚለውን ፊልተር ጨምሩበት፤ አለበለዚያ ቁጥሩ እንደ ጽሑፍ ተቆጥሮ ድምሩ ሊበላሽ ይችላል። የፌይሉን ታስክ ደግሞ በፍጹም አትርሱ። እሱ ከሌለ ፋይሉ ራሱን እየጠራ ማቆሚያ የለውም።

ስለ መጠበቁም አንድ ነገር። ፖዝ የሚባለው ሞጁል ለሁሉም ሰርቨሮች አንዴ ነው የሚሠራው። ብዙ ሰርቨር ላይ ስትሠሩና የሚወድቁት የተለያዩ ሲሆኑ ዌይት ፎር ይሻላል። ታይምአውት ብቻ ስትሰጡት ያን ያህል ሰከንድ ዝም ብሎ ይጠብቃል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ለየብቻ።

ሲያልቅ ማጠቃለያው ላይ ሬስኪውድ በሚል የሚቆጠር ቁጥር ታያላችሁ። ምንም የወደቀ ሳይኖር ይሄ ቁጥር 0 ካልሆነ ሥራው ተሳክቷል፣ ግን በሙከራ ነው የተሳካው። በየቀኑ ከ0 በላይ ከሆነ አገልግሎቱን ፈትሹ፤ ስክሪፕቱ በሽታውን እየደበቀላችሁ ነው።

እርምጃ 7፦ ውጤቱን መሰብሰብ

ሉፕ ያለው ታስክ ላይ ሬጂስተር ብትሉ፣ ማለትም ውጤቱን በቫሪያብል ብትይዙ፣ ቫሪያብሉ ውስጥ ሪዛልትስ የሚል ዝርዝር ታገኛላችሁ፤ ለየተራው አንድ። በዌን የተዘለሉትም እዚያው ውስጥ አሉ። እነሱ ላይ የትእዛዙን መመለሻ ኮድ ብትፈልጉ የለም፤ ስክሪፕቱ እዚያ ላይ ይወድቃል። መጀመሪያ የተዘለሉትን አጥሩ።

በኢንክሉድ ሲሆን ግን ይሄ ዝርዝር የለም። ፋይሉ ውስጥ ያለው ሬጂስተር በየዙሩ በአዲሱ ይተካል፤ መጨረሻ ላይ የሚቀራችሁ የ12ኛው ብቻ ነው። ስለዚህ ከፋይሉ መጨረሻ አንድ ሴት ፋክት ጨምሩ። የቀድሞውን ዝርዝር ወስዶ የአሁኑን ውጤት ይቀጥልበታል። የመጀመሪያው ዙር ላይ ዝርዝሩ ገና ስለሌለ ዲፎልት በሚለው ፊልተር ባዶ ዝርዝር ስጡት።

እርምጃ 8፦ ሲዘገይ

ፎርክስ የሚባለው ቁጥር፣ ካልቀየራችሁት 5 ነው፣ ስንት ሰርቨር በአንድ ጊዜ እንደሚሠራ ነው የሚናገረው። አንድ ሰርቨር ላይ ያሉ የሉፕ ተራዎችን አይመለከትም። እነሱ ሁሌም በሰልፍ ነው የሚሄዱት። ፎርክስን 50 ብታደርጉትም የ12 አገልግሎት ሉፕ አንድ ሰርቨር ላይ አይፈጥንም።

አንዱ 2 ደቂቃ የሚፈጅ 12 ሥራ በሰልፍ 24 ደቂቃ ነው። እርስ በርስ የማይነካኩ ከሆኑ ታስኩ ላይ አሲንክ ብላችሁ የሚፈቀድለትን ከፍተኛ ሰከንድ፣ ፖል ብላችሁ 0 ስጡ። አንሲብል ሥራውን አስጀምሮ ሳይጠብቅ ወደ ቀጣዩ ተራ ያልፋል። ውጤቱን ሬጂስተር አድርጉ። ቀጥሎ በሚመጣው ታስክ በሪዛልትስ ላይ ሉፕ አድርጋችሁ የየሥራውን መለያ ቁጥር ለአሲንክ ስታተስ ሞጁል ስጡ፤ እስኪጨርስ በአንቲል ጠብቁ።

12 ሲሆን ጥሩ ነው። 300 ሲሆን ሰርቨሩን ታንበረክኩታላችሁ። ያኔ ባች በሚለው ፊልተር ዝርዝሩን አሥር አሥር አድርጋችሁ ቁረጡ፤ አስጀምሮ የሚጠብቀውን ሁለቱን ታስክ ፋይል ውስጥ አድርጋችሁ በየቁራጩ በኢንክሉድ ጥሩ። ፓኬጅ መጫንን ግን በዚህ መንገድ አትሞክሩት። ፓኬጅ አስተዳዳሪው በር ይቆልፋል፤ አንዱ ገብቶ ሌሎቹ ውጭ ይቀራሉ።

እርምጃ 9፦ ሳይቃጠል በቅጠል

12ቱን ከማስኬዳችሁ በፊት 2 ብቻ ያለው ዝርዝር አዘጋጁ። ለምን 2? በ1 ስትሞክሩ የቆጣሪው አለመመለስና የሬጂስተር መተካት አይታዩም። ሁለቱም ከሁለተኛው ዙር የሚጀምሩ ስህተቶች ናቸው። ከሁለቱ አንዱን ሆን ብላችሁ አበላሹት፤ የሌለ ፖርት ስጡት። ሬስኪው መግባቱን፣ 3 ጊዜ ሞክሮ ማቆሙን በዓይናችሁ እዩ። የተበላሸውን አንዴ የመጀመሪያ፣ አንዴ የመጨረሻ አድርጋችሁ ሞክሩ።

በቼክ ሞድ (ምንም ሳይቀይር በሚሞክርበት አሠራር) ብቻ አትተማመኑ። በቼክ ሞድ የሼል እና የኮማንድ ሞጁሎች ብዙ ጊዜ ይዘለላሉ። ሬጂስተር ያደረጋችሁት ውጤት ስለማይኖር የእውነት የሚሠራ ስክሪፕት እንኳ የተበላሸ ሊመስል ይችላል። ታስኩ የሚያነብ ብቻ፣ የማይቀይር ከሆነ ቼክ ሞድን ፎልስ ብላችሁ ታስኩ ላይ ጻፉ፤ ያኔ በቼክ ሞድም ይሠራል።

ይሄን ሁሉ አድርጋችሁም ፋይሉን ስታነቡት ራሳችሁን የሚያዞራችሁ ከሆነ፣ ሦስት ፊልተር ተደራርቦ፣ ሉፕ በሉፕ ላይ ሆኖ፣ ያ ሥራ የያምል (ፕሌይቡክ የሚጻፍበት ቅርጽ) ፋይል ሥራ አይደለም። ከፕሌይቡኩ አጠገብ ፊልተር ፕለጊንስ የሚል ፎልደር ክፈቱ፤ እሱም በታች ሰረዝ ነው። ዝርዝሩን የሚያዘጋጀውን በፓይተን ጻፉት። ያ ሁሉ ጥልፍልፍ ብዙ ጊዜ ከ15 መስመር አያልፍም፤ ብሬኩም እዚያ አለ፣ ለብቻው መሞከርም ይቻላል። ፕሌይቡኩ ላይ የሚቀረው አንድ ሉፕ ብቻ ነው።